የነጠላው ቅዳጅ

«ከነጠላዋ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቆርጠሽ አምጪ። ስትቆርጪ እንዳታይሽ፤ ካየችሽም ዓይን ዓይኗን አትዪ» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ መቀሱን ምራታቸው መዳፍ ላይ እያስቀመጡ። ይታይሽ ተቀበለች። መቼስ ምራት አማቷ የሰጠቻትን አልቀበልም አትልም፤ እንኳን መቀስ ፍምም ቢሆን ትቀበላለች። አንዱ እጀታው በፕላስተር የታሰረ የቤት መቀስ ነው፤ የልጇ የውብአየሁ ክርስትና ዕለት የቀሚሱን ክር የበጠሱበት። ዛሬ የጎረቤት ነጠላ ሊቆርጥ ነው። ያውም የእትዬ እንቁን፤ አራስ ሳለች ጧት ማታ ገንፎ አገንፍተው ያበሏትን ሴትዮ ነጠላ።

ነገሩ የመጣው ቁርስ ላይ ነው። አየነው ከቤንዚን ሰልፍ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ገባ፤ ባጃጁን ግቢ አቆመና ጃኬቱን ሳያወልቅ ሻይ ቀረበለት። የጥር ብርድ የእንጅባራን ሣር አመዳይ አልብሶት ነበር። የፈረሰኞቹ በዓል ስለቀረበ ከተማው በእንግዳ እየሞላ ነው፤ ባጃጅ ያለው ሰው አይተኛም። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስለ ቤንዚን ያወራ ነበር፤ ማደያ የጠፋው በየጓሮው በሃይላንድ እንደሚሸጥ፣ ዋጋውም አንድ ዶሮ ሊገዛ ምንም እንዳልቀረው። መሐል ላይ ምላሱ ተሳሰረ። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀረ፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ ተረከዙ የፕላስቲኩን ምንጣፍ ይደበድብ ጀመር። ወይዘሮ ወርቅአየሁ «በሉብኝ! ልጄን በሉብኝ!» ብለው ጮኹ። ማንም ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ ለነገሩ ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ገባ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ያዘ፣ አንዷ ሎሚ ቆረጠች፣ አንዷ ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ስትል ሰው ገረመማትና መልሳ ከተተችው። መንዘፍዘፉ ቆሞ ማንኮራፋት ሲጀምር አያ ወገኔ ደረሱ።

አያ ወገኔ በጡረታ የወጡ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው። መጋዘን ሲጠብቁ አንድም ሌባ ይዘው አያውቁም ይባላል፤ ቡዳ በመያዝ ግን በሰፈሩ የሚስተካከላቸው የለም። ሰው ሁሉ ዞር እንዲል አዘዙ፣ የአየነውን ግራ እጅ አውራ ጣት አጥብቀው ጨበጡና አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉ።

«ማን ነህ? ከማን ቤት መጣህ? ተናገር!»

አየነው አቃሰተ። ምራቁን ዋጠ። «እንቁ...» አለ፤ «እትዬ እንቁ...»

«ለፈለፈ! ከነጠላዋ ተቆርጦ ይጨስበት» አሉ ወገኔ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማ። አየነው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን የሰማችው ራሱን በጭኗ ያስደገፈችው ይታይሽ ብቻ ናት። «አይንገሯት» ነበር ያለው። «በማርያም፣ አይንገሯት።» ይህን ብሎ እንደገና አንኮራፋ።

የማይነገረው ምን እንደሆነ ይታይሽ ወዲያው ገባት። መስከረም ላይ ሱሪውን ስታጥብ ከኪሱ የእንክብል ቅጠል አግኝታ ነበር፤ ግማሹ ባዶ። «የወገብ ነው» አላት፤ «ባጃጅ ላይ ሲዋል ወገብ የሚባል ነገር አይቀርም።» ከዚያ በኋላ ግን ያየችውን አየች። ማታ ማታ ፊቱን እስኪደማ ያክካል፤ ማንኪያ እንደያዘ ያንቀላፋል፤ ያጣው ቀን ደግሞ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃን አለቀሰ ብሎ በሩን ይረግጣል። ሹፌሮቹ «ትራማ» ይሉታል። ሐኪም ለከባድ ሕመም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣ ከጓሮ የሚያቀብል ሰው ግን አይጠፋም። አንዱ ድካም ያስረሳል፣ ሁለቱ ብርድ ያስረሳል፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱን ይረሳል። ስትጠይቀው «በውብአየሁ ሞት ትቻለሁ» ብሎ ማለላት። እሷም አመነች፤ ወይም ማመኑ ቀለላት። ለማን ትናገር? የባጃጅ ማኅበሩ ቢሰማ ተራውን ይነጥቀዋል። እናቱ ቢሰሙ «ልጄ ሳያገባ ደኅና ነበር» ይሏታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሁሉም ይሰማል፤ መደበቁን ግን ማንም አይተውም።

እትዬ እንቁ የሚኖሩት ከቀርከሃው አጥር ወዲያ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጥተው ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫትና በርጩማ ይሠራሉ፤ ሥራቸውን የባሕር ዳሩ መንገድ ዳር ያቆሙታል፣ መኪና የቆመለት ቀን ይሸጣሉ። ለብቻቸው ሲሆኑ በአዊኛ ያንጎራጉራሉ። የእጅ ሥራ የሚያውቅ፣ ባል የሌለው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው፣ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፉ ነገር እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው ጎረቤት የሚሆነው። ይታይሽ ስትገባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በቢላ ቀርከሃ እየከፈሉ ነበር። ቀና ብለው መጀመሪያ ያዩት ፊቷን ሳይሆን መቀሱን ነው።

«ልትቆርጪ መጣሽ?»

ይታይሽ መቀሱን ነጠላዋ ስር ሸሸገች።

«የቀርከሃ አጥር ወሬ አያስቀርም፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ይልቅ ስሚኝ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ባጃጁ ጥግ ቆሞ ያንን እንክብል እንደ ቆሎ ዘግኖ ሲውጠው አየሁት። አንዱን ቅጠል ጨርሶ ሌላውን ቀደደ። ‹አየነው፣ ይህ መድኃኒት ነው ወይስ ምሳ?› አልሁት። ‹ዛሬ ለይታይሽ ካልነገርኋት እንቁ አይደለሁም› አልሁት። እግሬ ላይ ወደቀ። ስሜን የጠራው ለዚያ ነው እንጂ የሰው ሥጋ የምበላ ሆኜ አይደለም።»

«እትዬ እንቁ፣ ምን ላድርግ?»

«ሆስፒታል ውሰጂዋ! ምን ትጠይቂኛለሽ? ጭስ ምን ይሠራለታል?»

«እማማ እምቢ ይላሉ። ያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ...»

እትዬ እንቁ ቢላቸውን መሬት ላይ አኖሩና የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉላት። «በይ ቁረጪ። ጭሳቸውን ሳይጨርሱ አይለቁትም። ቶሎ ይጨርሱና ቶሎ ይውሰዱት።»

«በጭሱ መሐል ቢነቃስ? እርስዎ ነዎት ብለው ይፈርዱብዎታል።»

«ባይነቃም እኔው ነኝ የምባል» አሉ እትዬ እንቁ ነጠላቸውን እንደዘረጉ። «እናቴንም እንዲህ አድርገዋታል። አንዴ ከቆረጡሽ በኋላ ነጠላ ብትቀይሪ አይጠፋም።»

ይታይሽ የተዘረጋላትን ጨርቅ አየችው። ንጹሕ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ። አንዲት መቁረጥ ናት፤ ከዚያ በኋላ እኚህ ሴት ለማንም ልጅ ገንፎ አያገነፉም፣ ሠርግ ቤት ሲገቡ ሙሽራ ይደበቃል፣ አከራዩም ክፍሉን ለሌላ ሰው እፈልገዋለሁ ይላል። እጇ እምቢ አላት። ተመለሰችና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆመች። ባሏ ቤት ውስጥ እያንኮራፋ ነው፤ ማንኮራፋቱ እስከዚህ ይሰማል፣ ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ጥለት የሌለበትን ጎን ያዘች። ለክርስትናው አማቷ የገዙላት ነጠላ ነው። መቀሱ ደንዞ ስለነበር ቆረጠ ከሚባል ገዘገዘ ቢባል ይሻላል። ቅዳጁን ጨብጣ፣ የጎደለው ወደ ውስጥ እንዲገባ ነጠላውን አጣፍታ ለበሰችና መቀሱን መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። ነጭ ጨርቅ ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንዴ ፍም ላይ ከገባ የማን እንደሆነ አይናገርም። ቢያንስ የእትዬ እንቁን ነጠላ ከመቀሱ አዳንሁ ብላ ነበር። ለባሏ ግን ገና ምንም አላደረገችም፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

ቤት ስትገባ ፍሙ ቀርቧል፣ አየነው ጃኬቱ ወልቆ ግድግዳ ተደግፎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ጋቢ ከነጭንቅላቱ ተከናንቧል። ውብአየሁን አንዲት ጎረቤት ወደ ቤቷ ወስዳዋለች። ወገኔ ቅዳጁን በሁለት ጣት ተቀብለው፣ አንዴ አሽትተው፣ «እሷው ናት» አሉ። ይታይሽ ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ቅዳጁን ፍሙ ላይ ጣሉት፤ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ተነሣ፤ ማንደጃውን ጋቢው ውስጥ አስገብተው ጫፉን ዙሪያውን ረገጡት። ጋቢው ውስጥ አየነው አንዴ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ። ይታይሽ ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል ለማየት ዓይኗን ተከለች። ከፍ አለ። ቆየ። ዝቅ አለ። በጣም ቆየ። «ይታፈናል» አለች ቀስ ብላ። «ዝም በይ፤ የሚታፈነው የያዘው ነው» አሉ አማቷ። እሳቸው ግን ጋቢውን አያዩትም ነበር፤ ግቢ ውስጥ የቆመውን ባጃጅ ነበር በበሩ በኩል የሚያዩት።

በስተመጨረሻ ወገኔ ጋቢውን ገለጡት። አየነው በላብ ተጠምቆ ዓይኑን ከፍቷል። እልልታው ቀለጠ። አንድ ሰው ወደ ውጭ ሮጦ «ለቀቀችው! እንቁ ናት!» ሲል ተሰማ፤ ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ አረፈ። ሁለተኛም አረፈ። ይታይሽ የአየነውን ፊት እያየች አንድ ነገር ጠበቀች። የነቃ ሰው ነው፤ ጆሮ አለው፤ ድንጋዩን ሰምቷል። አሁን አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ያበቃል።

«ልጄ» አሉ ወገኔ፣ «ሰው ይስማህ። እንቁ ናት የበላችህ?»

አየነው ሚስቱን አያት። የዓይኑ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክላለች። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ዓይኗ ውስጥ እንደምታውቅ አነበበ፤ እንደምትደብቅለትም ተማመነ። «እሷ ናት» አለ።

ይታይሽ የዚያን ጊዜ ጠላችው። የልጇ አባት ነው፣ ትወደዋለች፣ እንዳይሞትባት ማርያምን ስትለምን ነው የቆየችው፤ ግን ጠላችው። ሰዉ «እንኳን ማረልሽ» ለማለት ወደ እናቲቱ ሲዞር አየነው እጅጌዋን ሳብ አደረጋት። «ጃኬቴን» አለ፤ «ጃኬቴን አምጪልኝ፣ በረደኝ።» ምስማር ላይ የተሰቀለውን ጃኬት ስታነሣ የውስጥ ኪሱ ተንኮሻኮሸ። እጇን ሰደደች። ሁለት ባዶ ቅጠልና አንድ ሙሉ። ከሞት ደጃፍ ተመልሶ የፈለገው ይህን ነው። ዞር ብላ ልትጮኽበት ስትል ጩኸቱ ከኋላዋ ቀደማት፤ አየነው እንደገና ወድቋል።

ይህኛው ከፊተኛው የከፋ ነበር። ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ፣ ጥርሱ ምላሱን ነክሶ አረፋው ቀላ። መንዘፍዘፉ ሲቆም ማንኮራፋቱም ቀረ። ትንፋሹን ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር። ከንፈሩ ኑግ የበላ መሰለ። «ቅዳጅ አልበቃትም፤ ራሷ መጥታ እንትፍ ትበልበት!» አሉ ወገኔ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሦስት ሰዎች ወጡ፤ ተመልሰው ሲገቡ እትዬ እንቁን ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው ነበር። ሻሻቸው ወልቋል፣ ግንባራቸው ላይ የድንጋይ ጭረት አለ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ተነሥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«እንትፍ በይበት» አሉ። «ምን አደረግሁሽ እንቁ? አንድ ልጄን። እንትፍ በይበትና ልቀቂኝ።»

«ልቀቋቸው!» አለች ይታይሽ። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ሁሉም እንዲያየው ዘረጋችው፤ ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ጎድሏል። «ያጨሳችሁት የእትዬ እንቁን አይደለም። የኔን ነው። ከኔ ነው የቆረጥሁት።»

በር አጠገብ የቆመች ሴት «ውይ! ምራቲቱ ናት እንዴ?» አለች። ለይታይሽ ቅርብ የነበሩት ሁለት እርምጃ ያህል ሸሹ። ለካ መሸሽ እንዲህ ይታያል፤ እትዬ እንቁ እድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩት ይህንን ነው። ወገኔ እንኳ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ምን ብለው እንደሚያስለፈልፏት ጠፋባቸው። ይታይሽ ጃኬቱን ዘቅዝቃ አራገፈችው። ቅጠሎቹ ምንጣፉ ላይ ተበተኑ።

«የበላው ይሄ ነው። ዛሬ ጧት ብቻ እፍኝ ሙሉ ውጧል። እትዬ እንቁ አይተውት ‹አይንገሯት፣ አይንገሯት› እያለ ሲለምን ስማቸው አፉ ላይ ቀረ። እሱም ሰው ነው፣ እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ቡዳ እዚህ ቤት የለም።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ወለሉ ላይ ተደፍተው ቅጠሎቹን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ነጠላቸው ስር ደበቁ። «ዝም በይ! ሰው ይሰማል!» አሉ። ሰው ደግሞ ቤቱ ሙሉ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል እትዬ እንቁ የያዟቸውን ሰዎች እጅ ጥለው አየነው አጠገብ ተንበርክከዋል። በጎኑ አስተኙት፣ በጣታቸው አረፋውን ከአፉ አወጡ፣ የሹራቡን የአንገት ዚፕ ከፈቱ። «ይተንፍስ! መስኮት ክፈቱ እንጂ!» ብለው በጮኹ ጊዜ የታዘዛቸው አልጠፋም። እንግዳው የሚባለው የአየነው የሥራ ጓደኛ፣ እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ተገትሮ የነበረው፣ ዘልሎ ገባ። «ስንቱን ዋጠ?» አለ፤ ምን እንደዋጠ ግን አልጠየቀም። ይታይሽ አየችው፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫነው፤ ሦስቱ ሴቶች እንደምንም ተጣብበው ተሳፈሩ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ «እንቁ ትውረድ» አላሉም፤ ምክንያቱም የልጃቸውን አገጭ ቀና አድርገው የያዙት እትዬ እንቁ ናቸው። አስፋልቱ ላይ በዓል ሊያደምቁ የመጡ ያሸበረቁ ፈረሶች መንገድ ዘግተው ነበር። እንግዳው ጥሩምባውን ሲያስጮኽ ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ባለቤቶቹ ተሳደቡ። ይታይሽ በየትንፋሹ መሐል «አሁን፣ አሁን፣ በል አሁን» እያለች ሄደች።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ አውጥተው ኦክስጅን ሰኩለት። ሐኪሙ የዓይኑን ብሌን በባትሪ ካየ በኋላ ወደ ነርሷ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ነርሷ መጣች። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ እንቅልፍ ያጣች። ይታይሽ አማቷን አየቻቸው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጨምድደው ግድግዳውን ያያሉ።

«ምን ወሰደ? እውነቱን ንገሩኝ፤ ፖሊስ አይደለሁም።»

«ትራማዶል ነው» አለች ይታይሽ። «ጧት እፍኝ ሙሉ። ከመስከረም ጀምሮ ነው።»

«ከመስከረም?» ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «ገና የጀመረ ሰው ይህን ያህል ውጦ እዚህ አይደርስም ነበር። ይሄ የለመደ ሰውነት ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ለሕክምናው ያስፈልገናል። ሲበዛ እንዲህ ያንዘፈዝፋል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያቆማል። ደግሞ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ አፍናችሁታል?»

ይታይሽ የምታውቀው ያንኑ ነው። እንግዳውን ስትፈልገው ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቷል። ነርሷ ልትሄድ ስትል ወይዘሮ ወርቅአየሁ ግድግዳውን እንዳዩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው» አሉ። «በዐቢይ ጾም። ፍራሹ ስር አገኘሁት። ሽንት ቤት ጣልሁት። ሲያመጣ እጥላለሁ፣ ስጥል ያመጣል።»

ይታይሽ ያን ሁሉ ወር በአንድ ጣሪያ ስር፣ አንዷ ከሳሎን አንዷ ከጓዳ፣ አንዱን ምስጢር ሁለት ላይ ከፍለው ሲደብቁ እንደኖሩ አሰበች። አንድ ቀን አንዷ ለሌላዋ ብትናገር ኖሮ ይህ ሰው እዚህ አልጋ ላይ ላይሆን ይችል ነበር። ያ ግን ቁጭት ነው፣ ለሌላ ቀን ይደርሳል። የሚያቃጥለው ሌላው ነው። አማቷ የጧቱን ጩኸት ሲጮኹ ያውቁ ነበር። መቀሱን ሲሰጧት ያውቁ ነበር። «እንትፍ በይበት» ሲሉ ያውቁ ነበር። እትዬ እንቁ ጥግ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠው ሰሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግንባራቸውን ብቻ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

ቀትር ካለፈ በኋላ ሐኪሙ «ትንፋሹ ተመልሷል፤ ግን ዛሬ ከዚህ አይወጣም። ከዳነ በኋላም ብቻውን ሊያቆመው አይችልም፤ ክትትል ይፈልጋል» አላቸው። ይታይሽ አልጋው አጠገብ ቆማ አየችው። እንቅልፍ ወስዶታል፣ ከንፈሩ መልኩን እየያዘ ነው። «ስትነሣ የምንነጋገረው አለን» አለችው፤ ይስማ አይስማ ግድ አልነበራትም። እንግዳው በባጃጁ ሊያደርሳቸውና ለማስታመም ሊመለስ ተስማማ፤ ውብአየሁም ጡት ይፈልጋል፣ ብርድ ልብስም ያስፈልጋል። ሦስቱ ሴቶች የኋላውን ወንበር ሞልተው ተቀመጡ። እትዬ እንቁ የተናገሩት ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ነው።

«ወርቅአየሁ፣ እዚያ ለነርሷ የነገርሻትን እዚህ ለሰፈሩ ትነግሪልኛለሽ።»

አጥሩ ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ነበር። የእትዬ እንቁ በርጩማዎች መንገድ ላይ ተወርውረው እግራቸው ተሰብሯል። አያ ወገኔ ከፊት ቆመዋል፤ ጧት የሰሙትን እስከ አሁን በራሳቸው መንገድ አስተካክለውታል። «እንዴት ነው ልጁ? ለቀቀው?» አሉ። «ምራትሽ ደንግጣ ነው የቀባጠረችው፤ ከማን እንደቆረጠችም አታውቀው። እንግዲህ እንቁም እዚሁ ናት፤ ሙሉ ነጠላዋን እናጨስና ይለይ።»

ይታይሽ አማቷን ጠበቀች። አሁን እሳቸው ዝም ካሉ የሷ ቃል ብቻውን ነፋስ ነው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከባጃጁ ወረዱ። አንዴ የተሰበሩትን በርጩማዎች፣ አንዴ የእትዬ እንቁን ግንባር አዩ። ከዚያ ወደ ይታይሽ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«መቀሱን አምጪው።»

ይታይሽ አሁንም ምራት ናትና ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ መቀሱን ለወገኔ አቀበሉና የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ ዘረጉላቸው።

«ከኔ ቁረጥ» አሉ።

«ምን ሆነሻል ወርቅአየሁ?»

«ቁረጥ እልሃለሁ! ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አውቄ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሱሰኛ ከሚባል እንቁ ቡዳ ትባል ያልሁት እኔ ነኝ። ምራቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። የበላሁት እኔ ነኝ፣ ከኔ ቁረጥ።»

አያ ወገኔ መቀሱን እንደያዙ ቀሩ። ነጠላው በሁለቱ መሐል እንደተዘረጋ ቆየ፤ የሚቆርጥ አልተገኘም። ሰዉ አንድ በአንድ ዓይኑን ወደ መሬት እየጣለ ተበተነ። እትዬ እንቁ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። የተሰበሩትን በርጩማዎች ከመንገዱ ላይ ሰብስበው በአጥሩ በር ገቡ። ይታይሽ ውብአየሁን ተቀብላ ጡት ስታስይዘው፣ ከአጥሩ ማዶ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ተሰማ።